ሦስተኛው ዓምድ

ሐረር፣ ሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽ ታላቅ እኅቴ ለሥርጉት፣ ሐዋሳ

በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ከባድ ነገር አለ። ቁጭ በዪ። ቁጭ ካልሽ ደግሞ የሥራ ባልደረቦችሽ እንዳያዩሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ።

የሐኪም ጋራ ግርጌ ሰፈር እድር ድረ ገጽ፣ በተወለደ በሃያ ደቂቃው፣ ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ በሚያይበት፣ በድብደባ ሕይወቱ አልፏል። አብረውት የተጎዱት የሰው ሁለት የፊት ጥርስ፣ የእኔ የግራ ክንድ፣ በኪራይ የመጣ ፕሮጀክተር፣ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ የድንኳን ቋሚ ናቸው። ቋሚው የተሰበረው ሰው ጀርባ ላይ ነው። ስልኬም ሰማዕት ሆኗል። ለዚህ ነው ስትደውዪ የማታገኚኝ። በእማዬ ስልክ እንዳላወራሽ ደግሞ እማዬ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ለጥፋ ነው የምትቆመው። ስለዚህ ፈረስ መጋላ፣ አብዱልፈታ ሱቅ ቁጭ ብዬ በአንድ እጄ እየለቀምኩ እጽፍልሻለሁ። አብዱልፈታ ሰላም ብሎሻል። «ወላሂ ይሄ ልጅ በሕይወት መኖሩ የአላህ ሥራ ነው» በልልኝ ብሏል።

ጥፋቱ ያንቺ ነው። «ዝርዝር በእጅህ እየጻፍክ አትሙላ፣ ድረ ገጹ ላይ የጫንከው ፕሮግራም፣ ፕለጊኑ፣ ራሱ ከሰንጠረዡ ይሙላው» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔማ ስድሳ ሁለቱን አባል አንድ በአንድ በጣቴ ልጽፍ ነበር። አንቺ ግን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆነሽ ትምህርት ትሰጫለሽ። እንዳልሽው ሠራሁት። ሰው ሲሞት ፎርሙ ይከፈታል፣ ድሮፕዳውኑን ስትነኪው የአባላቱ ዝርዝር ወደ ታች ይወርዳል፣ ቆፋሪና ድንኳን ተካይ ተረኛ ከዚያ ይመረጣል። አዲስ አባል ሲገባ ዝርዝሩ በራሱ ያድጋል፣ የሞተው ይወጣል። ውብ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሃምሳ አለቃ አባይነህ «በል ክፈተው» አሉ። ከፈትኩት። የእድሩ ዕቃ ቤት ነጭ ግድግዳ ላይ ዝርዝሩ ወረደ። እያንዳንዱ ፊደል ክንድ ያህላል። ከአባል ቁጥሩ አጠገብ ስም መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን ስም ብቻ አልነበረም።

ቁጥር 9፦ ሽንት ቤት ጉድጓድ የገባው ወርቁ።
ቁጥር 12፦ ሚስቱ የምትደበድበው ወርቁ።
ቁጥር 17፦ ከግንባር የሮጠው አባይነህ።

ሌላውን አልጽፍልሽም፣ ጾም ነው። ሰዉ አንገቱን አስግጎ አነበበ። ከዚያ ወይዘሮ አበበች፣ የአይሱዙ ሹፌሩ የወርቁ ሚስት፣ ተነሥታ ባሏን በጥፊ አጮለችው። «እኔ መቼ ነው መትቼህ የማውቀው!» እያለች ደገመችው። ሦስተኛውን ስትሰነዝር እሱ ጎንበስ አለና ከኋላው የነበረው ሰውዬ በላው። ጦርነቱ እንዲህ ተጀመረ።

ባለ አንድ እጅ ወንድምሽ፣
ሚልኪያስ


ሐዋሳ፣ ማክሰኞ መጋቢት 9

ሚልኪያስ፣

ቀልድህን ለአብዱልፈታ አድርገው። ሦስት ነገር ብቻ መልስልኝ። ክንድህን የሰበረው ማን ነው? የፕለጊኑን ፋይል ለምን አልላክህልኝም? በእማዬ ቁጥር ላይ ምን ተጽፎ ነበር?

እማዬ ትናንት ስትደውልልኝ ስለ አየሩ ነው ያወራችኝ። ሐረር እንደሞቀ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። እማዬ ስለ አየር ስታወራ ደህና እንዳልሆነች እኔም አንተም እናውቃለን።

ፕሮጀክተሩን ተከራይቶ ጉራውን ሊነዛ የሄደ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞክረው ሄደ ብትለኝ አላምንህም።

ሥርጉት


ሐረር፣ ረቡዕ መጋቢት 10

እቴ ሥርጉት፣

ቁጣሽን ተቀብያለሁ፣ አጣጥፌ ኪሴ ከትቻለሁ። በቅደም ተከተል ልመልስ።

ክንዴን የሰበሩት ሃምሳ አለቃ አባይነህ ናቸው። በከዘራ። ከሰውዬው የጠበቅኩት ጩኸት ነበር። እሳቸው ግን አልጮሁም። ሕዝቡ ከሕዝቡ ጋር ሲቧቀስ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ወርቁ፣ ቁጥር 9፣ ሹፌሩን ወርቁን አንገቱን አንቆ «ስምህን ይዘህ ከሰፈር ውጣ!» ሲለው፣ ሃምሳ አለቃ ጸጥ ብለው በወንበሮቹ መሃል እየተራመዱ መጡ። «ማን ነገረህ?» አሉኝ። «ማሽኑ ነው» አልኳቸው። ከዘራውን አነሡ። ክንዴን አስቀደምኩ። ድምፁን አልነግርሽም፣ ቆሎ ስትበዪ ትዝ እንዳይልሽ። ወድቄ ሳለሁ ደግመው «ማን ነገረህ?» አሉኝ፣ በጎድኔ ላይም ጠየቁኝ። ያዳነኝ ፕሮጀክተሩ ነው። አንዱ አንሥቶ ሲወረውረው እሳቸው ወደዚያ ዞሩ፣ እኔም በአራት እግሬ አልልሽም፣ በሦስት እግሬ አመለጥኩ።

ጥርሱ የቆርቆሮ ሠሪው ነው። የሹፌሩ ትልቁ ልጅ በጡብ ነው ያወለቀለት። ሰውዬው ደሙን እየተፋ መሬቱን ይዳብስ ነበር። ጥርሱን አገኘ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ «ይሄን ለፍርድ ቤት አሳያለሁ» አለ።

እማዬን በተመለከተ ደህና ናት። ያልተሰበረውን እጄን መትታ አመጣጥናኛለች።

ፋይሉን ከድረ ገጹ ላይ አውርጄ ልኬልሻለሁ። እዪው፣ ስሕተቱ የማሽኑ ነው። እኔ ምንም አላውቅም። ስለ እማዬ ቁጥር፣ ስለ 31 የጠየቅሽውን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፣ እጄ ደክሞኛል።

ሚልኪያስ


ሐዋሳ፣ ሐሙስ መጋቢት 11

ሚልኪያስ፣

ፋይሉን አየሁት። ዝርዝሩን የሚሞላው ተግባር ትክክል ነው። ወደ ሰንጠረዡ ይሄዳል፣ አባላቱን ያመጣል፣ ለእያንዳንዱ አማራጭ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንዱ ለማሽኑ የሚሆን የአባል ቁጥር ነው፣ ሌላው ለሰው የሚታይ ጽሑፍ። ለሰው የሚታየው ከ«ስም» ዓምድ መምጣት ሲገባው ከ«መለያ» ዓምድ እንዲመጣ ተደርጓል። ማሽን ዓምድ አይመርጥም፣ ልጄ። ሰው ነው የጻፈው። ፋይሉ የተቀየረውም ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ይህን ማድረግህ አይገርመኝም፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ «መለያ» የሚባለውን ማን ጻፈው? አንተ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነው። ሃምሳ አለቃ ግንባር ሲሄዱ አልተወለድክም። ቆርቆሮ ሠሪው የት እንደወደቀ እኔም ካንተ ደብዳቤ ነው የሰማሁት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሽማግሌ ነው። ሃምሳ አለቃም የጠየቁህ እሱን ነው።

አንተ ማንን ነው የምትሸፍነው? ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሃለሁ፣ የእማዬ ቁጥር ላይ ምን አለ?

ሥርጉት


ሐረር፣ ቅዳሜ መጋቢት 13

እቴ፣

ትናንት ያልጻፍኩት መንገድ ላይ ተዘርሬ ስለዋልኩ ነው። የሹፌሩ የወርቁ ሁለት ልጆች እኩለ ቀን ላይ ጁገል ውስጥ፣ ወደ ሸዋ በር በሚያወጣው ቀጭን መንገድ አገኙኝ። አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ግድግዳውን ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም፣ ለሦስት ሰው ጠብ የተሠራ አይደለም። «ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ አባታችንን ማን ይደበድበዋል አልክ?» አለኝ ትልቁ። «እናታችሁ» አልኩት። ታውቂኛለሽ፣ አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ነው የተፈጠረው። ጭንቅላቴን ከድንጋዩ ጋር አስተዋወቁት። ቅንድቤ ላይ ሰባት ስፌት አለ። ከወደቅኩ በኋላም አልተዉኝም። ትንሹ ሆዴን እየረገጠ ይቆጥር ነበር፣ አሥራ አንድ ሲደርስ ተሳሳተና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ያወጣችኝ ሶፍያ ናት፣ በሩ ላይ ቅመም የምትሸጠው። ሚዛኗን ይዛ ወጥታ «የአላህ ያለህ! ልጁን ገደላችሁት!» ስትል ሮጡ።

አሁን እውነቱን ስሚኝ። መሬት ላይ ሆኜ እምላለሁ ያልኩት ይህን ነበር፣ ከተረፍኩ ለሥርጉት አልዋሽም።

«መለያ»ን የጻፉት ጋሽ ሀብተወልድ ናቸው። አዎ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ከዝንብ ጋር እንኳ ተጣልተው የማያውቁት ሰውዬ። የአባላት ደብተራቸውን ወደ ኮምፒውተር እንድገለብጥ ሰጡኝ። ሦስት ዓምድ አለው፣ ቁጥር፣ ስም፣ መለያ። «ሁለቱን ብቻ ጻፍ። ሦስተኛው የእኔ ነው፣ አታንብበው» አሉኝ። አታንብበው ተብዬ! እኔን! ሦስት መስመር አንብቤ ከወንበሬ ወደቅኩ። ከዚያ ስድሳ ሁለቱንም ጻፍኩት። ለምን እንደጻፉት አልጠየቅኳቸውም፣ የሽማግሌ ተንኮል መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብዱልፈታን ላስቀው ብዬ «ስም» የሚለውን «መለያ» አደረግኩትና ዝርዝሩን አወረድኩለት። አልሳቀም። «አስተግፊሩላህ፣ ይሄ የሰው ገመና ነው፣ መልሰው» አለኝ። መለስኩት። የመለስኩት ግን የራሴ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለውን ረሳሁት። እሑድ ስከፍተው ፕለጊኑ እንደታዘዘው ሄዶ ለቅሞ መጣ። ታማኝ አገልጋይ ነው፣ እግዜር ይቀጥቅጠው።

አሁን ወደ ቁጥር 31። የእማዬ ቦታ ባዶ ነበር። ቁጥሩ አለ፣ ከጎኑ ምንም የለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ባዶነቱ ነው የገደለን። ሃምሳ አለቃ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አይተውታል። «ሰዉን ሁሉ ሰድቦ እናቱን ዘለላት፣ ራሱ ለመጻፉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ወሬውን ያቀበለውን ሰው እስከ እሑድ ካልተናገረ ቁጥር 31 ከእድር ይሰረዛል» ብለው በጽሑፍ ላኩ። ለዚህ ነው እማዬ ስለ አየር ያወራችሽ። ሠላሳ ዓመት የሰው ድንኳን ተክላ፣ የሰው ለቅሶ ላይ ወጥ ሠርታ፣ እሷ ስትሞት የሚያነሣት ሰው ላይኖር ነው።

ሃምሳ አለቃ ልብ ያላሏቸው ሌሎችም ባዶዎች አሉ፣ ስምንት ናቸው፣ እኔ አውቃቸዋለሁ። አንዳቸውም ሳምንቱን ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ብጠራቸው ዱላው ወደ እነሱ ይዞራል።

ጋሽ ሀብተወልድ ማክሰኞ ሱቅ መጥተው ነበር። ክንዴን አዩት። «እናገራለሁ» አሉ። «አንድ ቃል ቢተነፍሱ ደብተርዎን ለሹፌሩ ልጆች ነው የምሰጠው» ብዬ አስፈራራኋቸው። እቴ፣ አባዬ የተቀበረ ቀን ትዝ ይልሻል? ዝናቡ? ተረኛው ቀርቶ ጋሽ ሀብተወልድ ኮታቸውን አውልቀው ገብተው የቆፈሩት? እሳቸውን አሳልፌ አልሰጥም። እማዬንም ማሰረዝ አልችልም። ነገ እሑድ ነው። ጥበብ ካለሽ አሁን ላኪልኝ።

ሚልኪያስ


ሐዋሳ፣ ቅዳሜ መጋቢት 13፣ ከሰዓት

ወንድሜ፣

ጥበብ የለኝም። የድረ ገጹን ፎርም ዘግቼዋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳያየው። ያጠፋኸው ያንተ ነው፤ ደብተሩ የሳቸው ነው። ይህን ሁለቱን አትቀላቅል። ነገ ስትሄድ ክንድህን አታስቀድም። ለሰው የሚተርፍ ክንድ የለህም።

ሥርጉት


ሐረር፣ ሰኞ መጋቢት 15

ለሥርጉት፣

ክንዴን አስቀደምኩ። አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ሰዉ ዱላውን ይዞ ነው የመጣው። ድንጋይ በኪሱ የያዘም ነበር፣ ኮቱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለውን ሁሉ እየቆጠርኩ አሥራ አራት ደርሻለሁ። ሃምሳ አለቃ ተነሡ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«እኔ ግንባር ስሄድ አንተ አልተወለድክም።»

«በሕልሜ አየሁዎት፣ ሃምሳ አለቃ። ጥሩ ይሮጡ ነበር።»

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። የሹፌሩ ልጆች ከኋላ አንገቴን ይዘው ወደ መሬት ደፉኝ፣ አፌ አፈር ሞላ፣ አንዱ ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ አደረገ። ሃምሳ አለቃ ግን ወደ እኔ እንኳ አላዩም። «እንግዲህ ቁጥር 31 ይሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ። ከመሬት ሆኜ አየሁ፣ እጅ ይወጣል። የወይዘሮ አበበችም ወጣ።

እማዬ ተነሣች። ነጠላዋን አጠበቀች። «እኔን ይሰርዙኝ፣ ሃምሳ አለቃ። ልጄን ግን አንድ ጊዜ ቢደግሙት ከዘራዎን ነው የማስበላዎት።»

ሰዉ ተንጫጫ፣ ወንበር ተገለበጠ። በዚህ መሃል ጋሽ ሀብተወልድ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ፊት መጡ። አካሄዳቸውን ታውቂዋለሽ፣ እስኪደርሱ ሰው ሁለቴ ይጣላል ይታረቃል። ደረሱና፣

«ለተማርያም አንድ ናት» አሉ ወደ እማዬ እየጠቆሙ።

ማንም አልገባውም።

«በዚህ እድር ለተማርያም የሚባል ሌላ አባል አለ? የለም። አንድ ለሆነ ሰው መለያ ምን ያደርግለታል? ኒቆዲሞስም አንድ ነው፣ የእሱም ባዶ ነው። ሚልኪያስ ሌሎቹን ባዶዎች ያልጠራው እንዳይደበደቡ ብሎ ነው። ወርቁ ግን አራት ነው። አባይነህ ሁለት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ጀርባዬ ላይ ያለው ጉልበት ላላ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው» አሉ። «የአናጢው ልጅ ሞተች። ተረኛ ቆፋሪው ወርቁ ነበር። እኔ ለሌላው ወርቁ ነገርኩ፣ እሱ ደግሞ ድሬ ጠያራ ሄዷል። ሬሳው መጣ፣ ጉድጓድ የለም። አባትየው በአናጢ እጁ ቆፈረላት። ከዚያ ወዲያ ስም ብቻ አልጽፍም አልኩ። የአባት ስም ጻፍ ትሉኛላችሁ። የአባት ስም እረሳለሁ። ሽንት ቤት የገባ ሰው ግን አይረሳኝም።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎቹ ግን አልሳቁም። ቆርቆሮ ሠሪው የተጠቀለለውን ጥርሱን ከኪሱ አውጥቶ ጋሽ ሀብተወልድ ፊት ላይ ወረወረው። የሹፌሩ ልጆች እኔን ትተው ወደ እሳቸው ሄዱ። ሃምሳ አለቃ ቀደሟቸው። ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። «ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስበላ ይህን ጽፈህ ነው?» ብለው ከዘራውን በሽማግሌው ራስ ላይ አነሡ። ሰውዬው አልሸሹም፣ ዓይናቸውንም አልጨፈኑም። እኔ ነኝ የደረስኩት። ጄሶው ለሁለት ተከፈለ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ተበተነ። ያን ጊዜ ጮህኩ፣ አልዋሽሽም፣ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ጋሽ ሀብተወልድ ደብተሩን ገልጠው ለሃምሳ አለቃ ዘረጉላቸው። «ከመምታትህ በፊት ቁጥር 4ን አንብብ። ሀብተወልድም ሁለት ነን። አንደኛው ዳቦ ቤት ያለው ነው።»

ሃምሳ አለቃ ከዘራውን እንዳነሡ አነበቡ። መጀመሪያ ለራሳቸው፣ ቀጥሎ ጮክ ብለው፦ «ቀብር ያሳሳተው ሀብተወልድ።»

ከዘራው ቀስ እያለ ወረደ። ወንበር ፈለጉ፣ ተሰባብሯል፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሮጫለሁ» አሉ። «መቶ ሰው ነው የሮጠው። እዚህ ያለው አባይነህ ግን ሁለት ብቻ ነው። ያኛው ሰዓት ይሠራል።»

ሹፌሩ ወርቁ ወደ ሚስቱ ዞረና «አንቺስ?» አላት። ወይዘሮ አበበች መሬት መሬት እያየች «አንዳንዴ» አለች።

እጆቹ ሁሉ ወርደው ነበር። ቁጥር 31 አልተሰረዘም። ለእኔ የተፈረደብኝ ክንዴ ሲድን አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማንም ይሙት ማን፣ ከተረኞቹ ጋር መቆፈር ነው። ዝርዝሩም ከአሁን በኋላ ስም ከነአባት ከነአያት እንዲያወጣ ተወሰነ። ሦስተኛው ዓምድ ግን ከደብተሩ እንዳይጠፋ ያሉት ሃምሳ አለቃ ናቸው። «ሬሳ ከሚጠብቅ እኔ ልዋረድ» አሉ። ቆርቆሮ ሠሪው ጥርሱን ከመሬት አንሥቶ መልሶ ጠቀለለው፣ ለምን እንደሚይዘው እሱም አያውቅም።

ሊበተኑ ሲሉ እማዬ ጋሽ ሀብተወልድን ኮታቸውን ይዛ አስቆመቻቸው። «ለእኔም ይጻፉልኝ እንጂ። ሰዉ ሁሉ ተጽፎ እኔ ባዶ ልቅር? እኔ ሰው አይደለሁም?» ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ፣ እስክሪብቶ አወጡ፣ ከቁጥር 31 ጎን ጻፉና አነበቡላት፦

«ሚልኪያስን የወለደችው ለተማርያም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ጥርስ የጎደለውም ሳቀ። ሃምሳ አለቃ «እኔ መሮጤ ይሻላል» አሉ። በዚያ ደብተር ላይ ከሱ የከፋ ስድብ የለም ብለው በአንድ ድምፅ አጽድቀዋል፣ እማዬ ግን ደረቷን ነፍታ ነው የወጣችው።

እንግዲህ እቴ፣ ባለፈው ሳምንት በጥልቅ ሐዘን ብዬ መጀመሬ ትንሽ ማጋነን ነበረበት። ዛሬ ጠዋት ፋይሉን ከፍቼ ሳየው አንድ መስመር ነው፣ በመስመሩ ውስጥ አንድ ቃል። «መለያ»ን አጥፍቼ «ስም» አልኩ፣ ድረ ገጹም ላይ፣ አብዱልፈታ ቆሞ እያየኝ፣ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። የሻይ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ይህችው ናት፣ ትንሽ ነገር ነበረች።

ሚልኪያስ